የቫይኪንግ ዘመን ምግብ፦ የአሠራር መጽሐፍ ሳይኖር ድስቱ ላይ ምን ይጣዳል?

ማለዳ (ማልሞ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስካንዲኔቪያ በጋ ሲገባ የቫይኪንግን (የድሮዎቹን የስካንዲኔቪያ ሰዎች) ዘመን ኑሮ እንደገና የሚሠሩ ሰዎች በየሜዳው ድንኳን ይተክላሉ። ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፋሉ። ቢላቸውን ራሳቸው ይቀጠቅጣሉ። ብዙው ሰው የሚሰበሰበው ጎራዴና ጋሻው ጋ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ምድጃው ነው። እዚህ መድረክ ላይም በየአገሩ ይህን የሚሞክሩ ሐበሾች እንዳሉ ስላየሁ ነው ክሩን የከፈትኩት።

ዘመኑ በግምት ከ793 እስከ 1066 ያለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ይሄ ነው፦ ከዚያ ዘመን ስለ ምግብ አሠራር የተጻፈ አንድም ገጽ አልደረሰንም። በዴንማርክኛ የተጻፈው ቀደምት የምግብ አሠራር ስብስብ የ1300 አካባቢ ነው። እሱም የጌቶች ማድቤት ነው፤ ቀረፋና ሳፍሮን የሚገባበት። ስለዚህ «እውነተኛው የቫይኪንግ ወጥ አሠራር» የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ካያችሁ የዛሬ ሰው ያሰናዳው ነው።

ይህ ማለት ግን በባዶ ሜዳ ላይ ነን ማለት አይደለም። ምን እንደነበራቸው እናውቃለን። በምን ያበስሉ እንደነበርም እናውቃለን። የጠፋብን መጠኑና ቅደም ተከተሉ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ቶንስበርግ አጠገብ በ1904 የተቆፈረውን የኦሰበርግን መርከብ ውሰዱ። በ834 ሁለት ሴቶች የተቀበሩበት ነው። ከሠረገላውና ከቅርጻ ቅርጹ ጋር ሙሉ ማድቤት አብሮ ተቀብሯል ማለት ይቻላል። የብረት ድስት አለ። ድስቱ የሚንጠለጠልበት ታጣፊ ባለሦስት እግር ብረት አለ። የእንጨት ጭልፋ፣ ገበታና ባልዲ አለ። በባልዲ የተቀመጠ የዱር ፖም እንኳ ተገኝቷል። ከሺህ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ቆይቶ!

የኔ ደንብ ግልጽ ነው። ከመሬት ያልወጣ ነገር ወደ ድስቱ አይገባም። እናንተስ በምን ትመራላችሁ? በተለይ ቂጣና ዓሣ የሞከራችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የአዳማው ልጅ (አዳማ)

ማለዳ እህቴ፣ ክሩን ስላየሁት ደስ ብሎኛል። የማውቀው ከተከታታይ ፊልም ነው፤ እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ትልቅ የሥጋ ብልት ይዞ ሲግጥ ነው የሚታየው። አንድ የአክስቴ ልጅ ጀርመን አገር ካለ የቫይኪንግ ገበያ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። የተጠበሰ ድንችና የቱርክ ዶሮ እግር ይሸጣል። ያ ልክ ነው እንዴ? በርበሬም ቲማቲምም ከሌለ ምን ይቀራል?

ማለዳ

የአዳማው ልጅ፣ ጥያቄህ ጥሩ መነሻ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎ፣ በርበሬ፣ የቱርክ ዶሮ፣ ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። አውሮፓ የገቡት ከ1492 በኋላ ነው። ድንች በስካንዲኔቪያ በደንብ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ገበያው ላይ ያየኸው ለጎብኚ የሚሸጥ ነው።

የሚቀረው ግን ብዙ ነው። ገብስ፣ አጃ፣ ራይ፣ ስንዴ። አተርና ባቄላ። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ። የበሬ፣ የአሳማ፣ የበግ ሥጋ። ዶሮ። ሄሪንግና ኮድ የሚባሉት ዓሦች። ሃዘልነት (የለውዝ ዓይነት የዛፍ ፍሬ)፣ ፖም፣ የዱር ፕሪም፣ የጫካ እንጆሪ። ሥጋ በየቀኑ ይበላ የነበረ እንዳይመስልህ። አብዛኛው ሰው ገበሬ ነበር። በቀን ሁለቴ ይበላ ነበር፤ ረፋድ ላይና ማታ። የሁለቱም መሠረት እህልና ወተት ነው።

ጉልቻ (በርገን)

ልጄ ማለዳ፣ ቂጣ ስላልሽ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እሱ ሆኗል።

ስዊድን ውስጥ ሜላረን ሐይቅ ላይ ቢርካ የምትባል የንግድ ከተማ ነበረች። ከመቃብሮቿ የከሰለ ቂጣ ወጥቷል። ስለከሰለ ነው ሳይበሰብስ የቆየው። ተመራማሪዎች ሲያዩት ገብስ የበዛበት ሆኖ አገኙት። አጃ፣ ስንዴ፣ ራይ፣ አተርና ተልባ የተደባለቀበትም አለ። ትንንሽና ስስ ናቸው። አብዛኛው እርሾ የለውም። ሉንጋ ከሚባል ሌላ የስዊድን ቦታ ደግሞ አተርና የጥድ ዛፍ ውስጠኛ ልጥ የተቀላቀለበት ዳቦ ተገኝቷል።

አሠራሬን ልንገራችሁ። ሁለት እጅ የገብስ ዱቄት፣ አንድ እጅ የአተር ዱቄት። ጨው ቁንጥር። ውኃ ሳይሆን አጓት እጠቀማለሁ፤ ኮምጠጥ ያደርገዋል። የገብስ ሊጥ እንደ ስንዴ አይለጠጥም። በመዳመጫ ከገፋችሁት ጠርዙ ይሰነጠቃል። መዳፍን እያረጠቡ መጠፍጠፍ ነው የሚሻለው። ምጣዱ እጀታው ረጅም የሆነ ክብ ብረት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ምጣድ በኖርዌይ መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ከነበልባል አርቁት። ፍሙን ጎትቱና ከሥሩ አንጥፉለት። ጠርዙ ከብረቱ ለቆ ሲነሳ ይገለበጣል። አተሩ መጀመሪያ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ ያ ሽታ ተለውጦ የቆሎ ሽታ ሲመጣ ደርሷል ማለት ነው። በሞቀበት ብሉት። ከቀዘቀዘ ይደርቃል፤ ያኔ ሾርባ ውስጥ መንከር ነው።

ስለ ዱቄቱም ላክል። የሱፐርማርኬት ዱቄት በጣም ደቃቅ ነው። ያኔ የሚፈጨው በእጅ በሚዞር ወፍጮ ነበር። ከታወቁት የወፍጮ ድንጋዮች አንዱ ከጀርመን አይፍል አካባቢ የመጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በራይን ወንዝ ወርዶ ሪበና ሄደቢ እስከሚባሉት የንግድ ከተሞች ድረስ ይነገድ ነበር። የድንጋዩ ብናኝ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። የዚያ ዘመን ሰዎች ጥርስ ተበልቶ የሚገኘው በዚህም ምክንያት ነው። እኔ ወፍጮ ቤት ሄጄ ሸካራ አድርገው እንዲፈጩልኝ እጠይቃለሁ። ድንጋዩ ይቅርብኝ።

ማንኛው ቂጣ የማን እንደነበረ ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ የጥንት ኖርስ (የቫይኪንጎቹ ቋንቋ) ግጥም አለ። አንድ እንግዳ ሦስት ቤት ይገባል። በባሪያው ቤት ወፍራም፣ ከባድና ፉርሽካ የሞላበት ዳቦ ይቀርብለታል። በጌታው ቤት ስስ ነጭ የስንዴ ቂጣ፣ የተጠበሰ ወፍ፣ ወይን በብር ዕቃ። የሰውየው ማዕረግ ከገበታው ይታወቅ ነበር።

ትንሿ ፍም (ስቶክሆልም)

ጋሽ ጉልቻ እጅዎት ይባረክ። የአተሩን ሽታ በትክክል ነው የገለጹት።

እኔ ስለ ቅመም ላውራ። «የሰሜን ምግብ ጣዕም የለውም» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ የቫይኪንግ ከተማ ነበረች። ኮፐርጌት የሚባለው ሰፈር ከ1976 እስከ 1981 ሲቆፈር መሬቱ እርጥብ ስለነበር ዘሩም ፍሬውም ሳይበሰብስ ወጣ። እንስላልና ድንብላል ተገኝቷል። የፕሪምና የፖም ዘር ተገኝቷል።

አሁን ደግሞ የምወደውን ልንገራችሁ። ማለዳ የጠቀሰችው የኦሰበርግ መርከብ ውስጥ ከተገኙት ዘሮች አንዱ ፌጦ ነው። አዎ፣ የኛው ፌጦ፤ ያው ራሱ ተክል ነው። ተልባም አለ። አንዷ የተከበረች ሴት በ834 ለወዲያኛው ዓለም ስንቋ ፌጦ ተደርጎላታል። እኔ ፌጦውን አብቅዬ ቅጠሉን እቀነጥባለሁ። ቅቤ በተቀባ የገብስ ቂጣ ላይ ሲነሰነስ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። የበርበሬን ቦታ ይሸፍናል ብዬ አልዋሽም። ግን የሚያቃጥል ነገር ለለመደ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ባሮ ሽንኩርትም እንዳትረሱ። በ1030 ኖርዌይ ውስጥ ስቲክለስታድ ላይ ጦርነት ነበር። ሳጋው (የድሮ የአይስላንድ የታሪክ ትረካ) እንደሚተርከው ቁስለኞችን የምታክም ሴት ባሮ ሽንኩርትና ሌላ ቅጠል ድስት ውስጥ ትቀቅልና ለቁስለኞች ታበላለች። ከዚያ ቁስሉን ታሸታለች። ሽንኩርት ሽንኩርት ከሸተተ አንጀቱ ተወግቷል ማለት ነው፤ አይድንም። እዚያው የቆሰለው ገጣሚ ቶርሞድ ግን አልበላም አለ። ታሪኩ የተጻፈው ከጦርነቱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ያም ሆኖ ባሮ ሽንኩርት ከድስታቸው እንደማይጠፋ ያሳያል።

የአዳማው ልጅ

ፌጦ?! ይህን ለእናቴ ነግሬያት «ድሮም መድኃኒት ነው» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ። እኛ ቤት ጾም ይከበራል። ዓመቱን በሙሉ ስትቆጥሩት ብዙ ቀን ነው። ቅቤ፣ አጓትና ሥጋ ከወጣ በዚህ ምግብ ምን ይሠራል?

ማለዳ

የአዳማው ልጅ፣ ሞልቷል! የኔም ቤት ያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የምሠራው የጾሙን ነው።

አተር ክክ ሳይሆን ድፍን ደረቅ አተር አሳድሪ። በማግስቱ በባሮ ሽንኩርትና በእንስላል ቀቅዪ። እስኪፈርስ ድረስ ጠብቂ። ከላይ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ ጨምሪበት። (አንቺ እያልኩ የጻፍኩት ለእህቴ የላክሁትን ስለገለበጥኩ ነው፤ አንተም እንደዚያው አድርግ።) ተልባው ቅባት ስላለው የቅቤን ክፍተት ይሞላል። የሃዘልነት ዱቄት ካገኘህ ደግሞ የገብስ ገንፎ ላይ አድርገው። ፖም ቆራርጠህ ከገብስ ጋር መቀቀልም ይቻላል፤ ያለ ስኳር ይጣፍጣል። ማርና ዓሣን እንደ ቤትህ ሥርዓት አድርግ።

ታሪኩን ካነሳን ደግሞ ክርስትና ሲገባ ጾምም አብሮ ገብቷል። አይስላንድ በ1000 አካባቢ በሸንጎ ውሳኔ ክርስትናን ስትቀበል ለጊዜው የተፈቀደ ነገር ነበር፤ የፈረስ ሥጋ መብላት። ሕዝቡ ስላልተወው ነው። በኋላ እሱም ተከለከለ። ሰው ሃይማኖቱን ሲቀይር እንኳ የተደራደረው በምግቡ ነው፤ ይህ በጣም ይገርመኛል።

ሰሜን ኮከብ (ትሮምሶ)

ዓሣ ጠይቀሻል ማለዳ። የኔ ሰፈር ጉዳይ ስለሆነ ልመልስ።

ሎፎተን ደሴቶች ላይ ኮድ ዓሣ ጭንቅላቱ ይቆረጥና ሁለት ሁለት ሆኖ በጭራው ይታሰርና እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። ጨው የለውም። ከየካቲት ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ነፋሱና ብርዱ ያደርቀዋል። በጣም ከበረደ ይሰነጠቃል፤ ከሞቀ ይተላል። እዚያ ያለው አየር ልክ መሃል ላይ ነው። ጨው ያኔ የሚገኘው የባሕር ውኃ በማፍላት ስለነበር ብዙ እንጨት ይፈጃል። ስለዚህ ማድረቅ፣ ማጨስና በአጓት ማኮምጠጥ ዋናዎቹ ዘዴዎች ነበሩ።

በ2017 የወጣ ጥናት ዛሬ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ካለችው ከሄደቢ የተቆፈረ የኮድ አጥንትን ዘረ መል መርምሯል። ዓሣዎቹ ከሰሜን ኖርዌይ ባሕር የመጡ ሆኑ። አጥንቶቹ በ800 እና በ1066 መካከል ያሉ ናቸው። ማለትም ይህ ደረቅ ዓሣ ያኔም በመርከብ ረጅም መንገድ ይጓዝ ነበር። እዚያው ሎፎተን ቦርግ የሚባል ቦታ ላይ 83 ሜትር ርዝመት ያለው የአለቃ ቤት ተቆፍሯል። ዛሬ አጠገቡ ተመሳሳይ ቤት ተሠርቶ ሙዚየም ሆኗል። በውስጡ እሳት ይነዳል፤ ወጥም ይሠራል።

አበላሉ? አንዱ ደረቁን በመዶሻ መደብደብ ነው። ድንጋይ ላይ አጋድሙትና ቃጫው እስኪላቀቅ ምቱት። ከዚያ እየቀደዱ በቅቤ መብላት ነው። ቅቤውን ዳቦ ላይ እንደምትቀቡት በደንብ ቀቡት። ሁለተኛው ለቀናት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን በየቀኑ እየቀየሩ፣ ከዚያ ለስለስ ባለ እሳት ማብሰል ነው። ሽታው ጎረቤት ያስቆጣል፤ በረንዳ ላይ ዘፍዝፉት።

ጭስ (ኮፐንሃገን)

እኔ ደግሞ ሥጋ በጉድጓድ ማብሰል እወዳለሁ። ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። በድንጋይ ታነጥፋላችሁ። ላዩ ላይ ትልቅ እሳት ታነዳላችሁ። ፍም ሲሆን የበጉን እግር በእርጥብ ሣርና በቅጠል ጠቅልላችሁ ታስገባላችሁ። በጋለ ድንጋይና በአፈር ትከድናላችሁ። ከሰዓታት በኋላ ስታወጡት ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይወርዳል። ለካምፕ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሃምሳ ሰውም ቢመጣ ይበቃል።

ለጀማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። ከወንዝ ወይም ከባሕር ዳር ያነሳችሁትን ድንጋይ እሳት ውስጥ በፍጹም አትክተቱ። ውስጡ ውኃ ስላለ ሲግል ይፈነዳል፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ከደረቅ ቦታ የተነሳ፣ ስንጥቅ የሌለው ድንጋይ ፈልጉ። መጀመሪያም ሰው በሌለበት ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ሥጋውንም በቴርሞሜትር ለኩ። ለኔ ይህ ከታሪኩ ጋር አይጣላም፤ የምናበላው የዛሬ ሰው ነውና።

ጉልቻ

ጭስ ወንድሜ፣ ማስጠንቀቂያህ እንደ ወርቅ ነው። በድንጋዩ ጉዳይ ከጎንህ ነኝ። በጉድጓዱ ዘመን ላይ ግን ትንሽ ልከራከርህ። በኖርዌይ የተቆፈሩት የማብሰያ ጉድጓዶች አብዛኞቹ ከቫይኪንግ ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው። ከ600 ገደማ ወዲህ ቁጥራቸው በጣም ይቀንሳል። ፈጽሞ ጠፋ አልልም። ግን የቫይኪንግ ዘመን ዋና ማብሰያ ብለን ብናቀርበው ልክ አይሆንም። የዘመኑ ዋና ነገር ቤት መሃል ያለው ምድጃና በላዩ የተንጠለጠለው ድስት ነው። ሀብታም ከሆነ ደግሞ የብረት መጥበሻ ዘንግ።

ድስቱም ሁለት ዓይነት ነው። የብረቱን ማለዳ ነግራናለች። ሌላው ሶፕስቶን ከሚባለው ለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተራራው ላይ ድስቱ በቅርጹ ተፈልፍሎ የተነሳበት ቦታ ዛሬም ይታያል። እስከ ሄደቢ ይነገድ ነበር። ይህ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ አንዴ ከሞቀ ግን ከእሳቱ ካወረዳችሁት በኋላም ወጡ መንተክተኩን ይቀጥላል። ገንፎ በብረት ድስት ሥሩ ያራል። በድንጋዩ አያርም። ስለዚህ የቅመም ዝርዝር ከመፈለጋችሁ በፊት ዕቃውን አግኙ እላለሁ። ዕቃውና እሳቱ ግማሹን አሠራር ይነግሯችኋል።

ጭስ

ጋሼ፣ ስለ ዘመኑ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ በካምፑ ሰሌዳ ላይ «ቀደም ያለ ዘመን» ተብሎ ይጻፍበታል። ጉድጓዱን ግን አልተውም።

ወለላ (ቮስ)

መጠጥ ሳይነሳ ይህ ክር አይጠናቀቅም። ሁለት ነገር ልለይላችሁ። አንደኛው የማር ጠጅ ነው። ማርና ውኃ። ጌሾ የለውም፤ ስለዚህ የኛን ምሬት አትጠብቁ። ማር በሰሜኑ ብርቅ ነበር። አይስላንድ ላይ የማር ንብ ጭራሽ አልነበረም። ጠጅ የአለቆች መጠጥ ነው። የሁሉም ሰው መጠጥ የገብስ ጠላ ነበር።

ጠላው ውስጥ ከሚገቡት አንዱ ፖርስ የሚባል ረግረግ ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ሲታሽ ደስ የሚል ሽታ አለው። ነፍሰ ጡር ሴቶች ግን እንዲርቁት ይመከራል። አጠማመቁን በተመለከተ እዚህ ኖርዌይ ትሮንደላግ አካባቢ በቆዩ የገበሬ ግቢዎች ሥር በእሳት የተሰነጣጠቀ ድንጋይ በክምር ይገኛል። ብረት ድስት ውድ ስለነበር ድንጋይ አግለው እንጨት በርሜል ውስጥ እየጨመሩ ነበር የሚያፈሉት። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ድንጋዩ ሲገባ ፈሳሹ ይጮኻል። የገብሱ ስኳር ድንጋዩ ላይ ያርና የካራሜል ጣዕም ይተዋል።

እርሾው ክቫይክ ነው። እዚህ ቮስ ገበሬዎች ከአባት ወደ ልጅ ያወረሱት፣ እንጨት ላይ እያደረቁ ያቆዩት እርሾ። ከዚህ የበለጠ ቫይኪንግ ምን አለ?

ማለዳ

ወለላ፣ ክቫይክን እኔም እወደዋለሁ። በሙቀት መሥራቱ ተአምር ነው። ግን ከገበሬዎቹ ቤት የምናውቀው ካለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። ከ900 ምን ዓይነት እርሾ እንደነበራቸው የሚያሳይ ማስረጃ በእጃችን የለም። ስለዚህ «የቫይኪንግ እርሾ» ብሎ መሸጥ አልስማማም።

ወለላ

ገባኝ። ግን የኔን ወገንም ስሚ። የመሬት ውስጥ ማስረጃ የሚነግርሽ ድንጋዩና ገብሱ እንደነበረ ብቻ ነው። እጁ እንዴት እንደሠራ አይነግርሽም። ያን የሚያውቀው አያቱ ሲጠምቅ ያየ ገበሬ ነው። የገበሬውን እጅ ከጣልሽው ምን ይቀርሻል? ድንጋይና ዘር ተሸክመሽ ቁጭ ነው የምትዪው።

ማለዳ

ይህ ትክክለኛ ክርክር ነው፤ አስቤበታለሁም። አሁን በካምፓችን የምናደርገው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ምግብ አጠገብ ትንሽ እንጨት አለ። የተቆፈረ ማስረጃ ላለው ነገር አንድ ጭረት። ከኋለኛው የገበሬ ልማድ ለተወሰደ ሁለት ጭረት። ለኛ ግምት ሦስት ጭረት። የገብስ ቂጣው አንድ ነው፤ የዱቄቱ መጠን ግን ሦስት ነው። ያንተ ጠላ ድንጋዩ አንድ፣ ክቫይኩ ሁለት። እንግዶች ይህን በጣም ይወዱታል። ምን እንደምናውቅና ምን እንደምንገምት እያወቁ ይበላሉ። የመጀመሪያ ደንቤ «ከመሬት ያልወጣ አይገባም» የሚል ነበር። ከናንተ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ «ይግባ፣ ግን ይጻፍበት» ወደሚለው አዘነብላለሁ።

ወለላ

በዚህስ ተስማማን። እንጨቱን እኔም እሠራለሁ።

ላብራቶሪ (ሊድስ)

የጤና ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉም የሚሸሸውን ነገር ላንሳ። በ1972 ዮርክ ውስጥ ባንክ ሊሠራ ሲቆፈር የአንድ ቫይኪንግ ዓይነ ምድር ተገኘ። ደርቆ የቆየ፣ 20 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን። ዛሬ ዮርክ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ነው ያለው። በ2003 ወድቆ ለሦስት ተሰብሮ መልሰው አጣብቀውታል። ሰውየው በዋነኛነት ሥጋና ፉርሽካ የሞላው ዳቦ ነው የበላው። የሆድ ትል እንቁላልም በብዛት ነበረበት። ለኔ ከማንኛውም ግጥም የበለጠ የሚናገር ነው። በዚያው ከተማ በተገኘው የእህል ቅሪት ውስጥ ኮርንኮክል የሚባል መርዛማ አረም ዘርም ተገኝቷል። እህሉን በደንብ ለቅሞ ማጥራት ያኔ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

አጥንትም ይናገራል። ግሪንላንድ የሰፈሩት ኖርሶች አጥንት ሲመረመር መጀመሪያ ከምግባቸው 20 በመቶ ገደማው ከባሕር ነበር። በመጨረሻዎቹ ትውልዶች ወደ 80 በመቶ ደረሰ። ከብት አርቢው ሕዝብ ቀስ በቀስ አቆስጣ በሊታ ሆነ። ስለዚህ «የቫይኪንግ ምግብ» ስትሉ የትኛው ቦታና የትኛው ጊዜ እንደሆነ ንገሩን። የዮርክ ነጋዴና የግሪንላንድ ገበሬ አንድ ገበታ አልነበራቸውም።

ለምታበስሉት ደግሞ፦ ከጫካ የምትለቅሙትን ቅጠል የሚያውቅ ሰው ያሳያችሁ። ሳማ ደህና ነው፤ ጓንት አድርጋችሁ ለጋውን ቅጠል ቁረጡ፣ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል። የካሮትን ቤተሰብ የሚመስሉትን ግን በፍጹም አትንኩ፤ ከመካከላቸው የሚገድል አለ።

ትንሿ ፍም

«የትኛው ቦታ?» የሚለው ለኔ የዚህ ክር ምርጥ ጥያቄ ነው። እኛ ቡድናችን ቢርካን ብቻ መርጧል። አንድ ከተማ፣ አንድ ገበያ። ምርጫው ሲጠብ ምግቡ ይበልጥ እየጣፈጠ ሄደ፤ ለምን ይህን ቂጣ ከዚህ ዓሣ ጋር እንዳቀረብን ስለምናውቅ።

የአዳማው ልጅ

እኔ ያለሁት አዳማ ነው። ሶፕስቶንም የብረት ድስትም የለኝም። ገብስ፣ አተር፣ ተልባ፣ ፌጦ፣ ባሮ ሽንኩርት ግን ከገበያ ዛሬውኑ አመጣለሁ። የሸክላ ድስት አለን። በዚያ ልጀምር?

ጉልቻ

ጀምር ልጄ፣ በደንብ ነው እንጂ! በብዙ ቦታ በሸክላ ያበስሉ ነበር፤ በሄደቢ የሸክላ ድስት ስባሪ በብዛት ነው የሚወጣው። ድስትህን ነበልባል ላይ አትጣደው። ፍሙ ጎን አስቀምጠውና ቀስ እያልክ አዙረው። አንድ ጎን ብቻ እንዳይግል። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሸክላ ላይ አትጨምር፤ የምትጨምረውን አስቀድመህ አሙቀው።

አተሩ ካደረ በኋላም ገብሱን ቀድመህ ጣድ፤ ይዘገያል። አተሩን ቀጥሎ። ባሮ ሽንኩርቱን ነጩን ክፍል ከአተሩ ጋር፣ አረንጓዴውን ሊወርድ ሲል። ጨው በመጨረሻ። ተልባና ፌጦው ከወረደ በኋላ ላዩ ላይ ይነስነስ። በርበሬውን የፈለገ ሰው በጎን ያቅርብ፤ ማለዳ ሦስት ጭረት ትጽፍበታለች።

ሰሜን ኮከብ

በጋ ላይ ወደዚህ ለምትመጡ፦ ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ አጠገብ ሞስጎርድ ላይ ከ1977 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ ትልቅ የቫይኪንግ ስብሰባ ይደረጋል። ማልሞ አካባቢ ፎተቪከን አለ። ሪበም የራሱ ማዕከል አለው። ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ተመልካች ሳይበዛ አብሳዮቹ እሳት ሲያነዱ ነው ጥያቄ በደንብ የሚመልሱት፤ ብዙዎቹ ማማሰያውን ይሰጧችኋል።

ማለዳ

ሰሜን ኮከብ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎተቪከን ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ደቡብ ስዊድን ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ። የአዳማው ልጅ፣ ገብስህን ከመጣድህ በፊት የተሸለተ መሆኑን እይ። ቅርፊቱ ያለበት ከሆነ በሙቀጫ ሸክሽከው፤ ካልሆነ ምንም ያህል ብትቀቅለው አይለሰልስም።